በጉቶ ላይ የሚበቅል እንጉዳይን ለይቶ ማወቅ፦ ለሳይንስ ትምህርት ያለው ጥቅምና የሚጠይቀው ጥንቃቄ

መግቢያ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ትምህርት ቤቶችም በመስከረም ወር ለአዲሱ ዓመት ሲከፈቱ፣ በግቢ ጥግ ወይም በአቅራቢያ ባለ ደን ውስጥ በቀረ አሮጌ ጉቶ ላይ ተጠጋግተው የበቀሉ እንጉዳዮችን ማየት የተለመደ ነው። ይህን ያዩ ተማሪዎች በአብዛኛው ሁለት ጥያቄዎችን ያነሳሉ። የመጀመሪያው «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ይበላል ወይ?» የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ተከታትለው ቢነሱም ክብደታቸው እኩል አይደለም። የመጀመሪያው በሳይንስ ክፍለ ጊዜ በሥርዓት ሊመረመር የሚችል፣ ተማሪዎችንም የአስተውሎት ዘዴ የሚያስተምር ነው። ሁለተኛው ግን ስሕተቱ ሕይወት የሚያስከፍል በመሆኑ በክፍል ውስጥ መልስ ሊሰጠው የማይገባ ጥያቄ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጉቶ ላይ ከሚበቅሉት እንጉዳዮች አንዱ፣ ማለትም አርሚላሪያ የተባለው ወገን፣ በምን ምልክቶች ተለይቶ እንደሚታወቅ ማብራራትና ዕውቀቱ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ ባለሙያዎች የሚሰጠውን ጥቅም ማመልከት ነው። ከዚህም ጋር ተማሪዎች እምብዛም የማያነሱት ሦስተኛ ጥያቄ፣ «እንጉዳዩ ለዛፉ ምኑ ነው?» የሚለው፣ ችግኝ ለሚተክሉ ትምህርት ቤቶች ከሌሎቹ የበለጠ ተግባራዊ ጠቀሜታ እንዳለው ለማሳየት ይሞክራል።

1. እንጉዳይ ምን ዓይነት ፍጡር ነው?

እንጉዳይ በዕለት ተዕለት አነጋገር ከዕፀዋት ጋር ተደባልቆ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ክሎሮፊል ስለሌለው በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ማዘጋጀት አይችልም። ስለሆነም ፈንገሶች ከዕፀዋትም ከእንስሳትም ተለይተው ራሱን በቻለ ምድብ ይመደባሉ። ምግባቸውን የሚያገኙት ከሌላ ሕይወት ካለው ወይም ከሞተ አካል ነው።

በጉቶው ላይ የሚታየው እንጉዳይ የፍጡሩ ሙሉ አካል አይደለም። ፍሬ ለዛፍ እንደሆነው ሁሉ እንጉዳይም ለፈንገሱ የመራቢያ ክፍል ብቻ ነው። ዋናው አካል በእንጨቱና በአፈሩ ውስጥ ተዘርግቶ የሚኖር፣ እጅግ ከቀጠኑ ክሮች የተሠራ ድር ነው። ድሩ እንጨቱን እያፈራረሰ ዓመቱን ሙሉ ይመገባል፤ እርጥበቱና ሙቀቱ ሲስማማው ደግሞ እንጉዳዩን ወደ ውጭ ያወጣል። የእንጉዳዩ ተግባር ስፖር የሚባሉትን፣ ዘር የሚተኩ ረቂቅ ብናኞች ለነፋስ መስጠት ነው። ተግባሩን እንደ ፈጸመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ድሩ ግን በጉቶው ውስጥ ይቀራል።

ተማሪዎች ይህን ከተረዱ እንጉዳዩን ነቅሎ መጣል ፈንገሱን ማጥፋት እንዳልሆነ፣ እንጉዳይ በማይታይበት ወቅትም ፈንገሱ በቦታው ሊኖር እንደሚችል በቀላሉ ይገነዘባሉ። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሁሉ በዚህ መሠረታዊ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው።

2. አርሚላሪያ የተባለው ወገን

አርሚላሪያ የሚለው ስም አምባር የሚል ፍቺ ካለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ የተሰጠውም በእንጉዳዩ አገዳ ላይ እንደ አምባር የሚታየውን ቀለበት መሠረት በማድረግ ነው። ከወገኑ አባላት በስፋት የታወቀው አርሚላሪያ ሜሊያ ነው። ይህን እንጉዳይ ማርቲን ቫል የተባሉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1790 በሳይንሳዊ አገላለጽ መዘገቡት። «ሜሊያ» ማለት ማር-መሰል ማለት ሲሆን የቆቡን መልክ ያመለክታል።

ለረዥም ጊዜ ሊቃውንትን ያሳሳተው ይህ ፍጡር በሦስት የተለያዩ መልኮች መገኘቱ ነበር። በጉቶው ላይ እንጉዳይ፣ በልጡ ሥር ነጭ ንጣፍ፣ በአፈር ውስጥና በሞቱ ዛፎች ልጥ ሥር ደግሞ የጫማ ማሰሪያ የሚመስል ጥቁር ገመድ ይታያል። ጥቁሩ ገመድ ራሱን የቻለ ሌላ ፍጡር ነው ተብሎ የራሱ ስም እስከ ማግኘት ደርሶ ነበር። ጀርመናዊው የደን ሳይንስ ሊቅ ሮበርት ሃርቲግ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ባካሄዱት ምርምር ገመዱና እንጉዳዩ የአንድ ፍጡር ክፍሎች መሆናቸውን አረጋገጡ።

የዚህ ፍጡር የተሰወረ አካል ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በሰሜን አሜሪካ በሚሺጋን ግዛት ደን ውስጥ የተገኘ አንድ አርሚላሪያ ቢያንስ 37 ሄክታር መሬት እንደሚሸፍንና ዕድሜው ቢያንስ 2,500 ዓመት እንደሚሆን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ገልጸዋል። በዚያ ደን ውስጥ የሚሄድ ሰው ግን በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ከእግሩ በታች ይህን የመሰለ ፍጡር መኖሩን የሚያመለክት ነገር አያይም።

3. ስሙ ስለምን ተለወጠ?

አንድ ስም ለብዙ ጊዜ ስላገለገለ ብቻ ትክክል እንደማይሆን የአርሚላሪያ ታሪክ በግልጽ ያስተምራል። እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በአውሮፓ በጉቶ ላይ የሚገኙት ማር-መሰል እንጉዳዮች በአብዛኛው አርሚላሪያ ሜሊያ በሚለው አንድ ስም ይጠሩ ነበር። ፊንላንዳዊው ካሪ ኮርሆነን ከተለያዩ ቦታዎች የተሰበሰቡትን በቤተ ሙከራ እያገናኙ የትኞቹ እርስ በርስ እንደሚዳቀሉ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጽሑፍም አንድ ይባል የነበረው በአውሮፓ ውስጥ በእርግጥ አምስት የተለያዩ ዝርያዎችን የያዘ መሆኑን አሳዩ።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ሁኔታ ታይቷል። በፓይን ዛፎች፣ በቡናና በልዩ ልዩ አገር በቀል ዛፎች ላይ የታየው የአርሚላሪያ ሥር አበስባሽ በሽታ ቀደም ሲል የአርሚላሪያ ሜሊያ ውጤት እንደሆነ ይነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 በሙኔሳ ሻሸመኔ፣ በወንዶ ገነት፣ በጅማ፣ በሚዛንና በበደሌ አካባቢ በሚገኙ የደን ተክሎች ላይ ጥናት ተካሄደ። እንጉዳዮቹም በአገር በቀሉ ግራር፣ በሳይንሳዊ ስሙ አካሽያ አቢሲኒካ በሚባለው ዛፍ ጉቶዎች ላይ ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው ውጤት መሠረት የእንጉዳዩ ቅርጽም ሆነ የዘረመል ምርመራው የሚያመለክቱት አርሚላሪያ ፉሲፔስ የተባለውን ዝርያ ነበር። ይህ ዝርያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1909 ከስሪ ላንካ የተመዘገበ ሲሆን፣ በደቡባዊ አፍሪካም በሚገባ የታወቀ ነው። «ፉሲፔስ» ማለት እግሩ የጠቆረ ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለክፍል ሥራ እጅግ ጠቃሚ ነው። ሳይንሳዊ ስም በማስረጃ የሚቆም፣ ማስረጃው ሲሻሻልም የሚለወጥ ነው። በአውሮፓ እንጉዳዮች ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ መጽሐፍም በኢትዮጵያ ጉቶ ላይ ለሚታየው ነገር ሁሉ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ለምሳሌ ያህል የአውሮፓ መጻሕፍት እንደ ዋነኛ ምልክት የሚጠቅሱት ጥቁር ገመድ በአፍሪካ ዝርያዎች ዘንድ በአፈር ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ስለሆነም በጉቶው ዙሪያ ቆፍሮ ገመዱን ያላገኘ ሰው «አርሚላሪያ አይደለም» ብሎ ለመደምደም አይችልም።

4. የመለያ ምልክቶች

አንድን እንጉዳይ ለመለየት በቅደም ተከተል መታየት የሚገባቸው ነጥቦች ከዚህ በታች ተዘርዝረዋል። ከእነዚህ አንዱም ለብቻው በቂ አይደለም። አስተማማኝነት የሚገኘው ሁሉም ባንድነት ሲስማሙ ነው።

ሀ. የበቀለበት ቦታ። በእንጨት ላይ ነው ወይስ በአፈር ላይ? በአፈር ላይ የበቀለ የሚመስለው ከሥሩ የተቀበረ ሥር ወይም እንጨት ሊኖረው ስለሚችል በጥንቃቄ መታየት አለበት። የዛፉ ዓይነት፣ ጉቶው የደረቀ ወይም ገና የሚያቆጠቁጥ መሆኑም ይመዘገባል።

ለ. አበቃቀል። አርሚላሪያ በአብዛኛው ብዙ ሆኖ፣ አገዳዎቹ ከሥራቸው ተያይዘው በዘለላ ይበቅላል።

ሐ. ቆብ። ከማር መልክ እስከ ቡናማ ይደርሳል። መካከሉ ጠቆር ያለ ሲሆን ጥቃቅን ቅርፊቶች ሊታዩበት ይችላሉ። ዝናብ ቅርፊቶቹን ሊያጥባቸው፣ ፀሐይም መልኩን ሊያደበዝዘው ስለሚችል የቆብ መልክ ብቻውን አሳሳች ነው።

መ. ከቆቡ በታች ያሉት ስስ ገጾች። እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደርድረው የሚታዩት እነዚህ ክፍሎች ስፖር የሚመረትባቸው ናቸው። በአርሚላሪያ ነጭ ወይም ነጣ ያለ ክሬም መልክ አላቸው፤ ሲያረጁ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣሉ።

ሠ. አገዳና ቀለበት። እንጉዳዩ ለጋ ሳለ ስስ ገጾቹን የሚሸፍን ስስ መጋረጃ አለ። ቆቡ ሲዘረጋ መጋረጃው ይቀደድና ትርፉ በአገዳው ላይ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። አገዳው ወደ ሥሩ እየጠቆረ ይሄዳል። ያረጀ እንጉዳይ ቀለበቱ ሊረግፍ ስለሚችል ከአንዱ ዘለላ ለጋውንም፣ የደረሰውንም፣ ያረጀውንም ማየት ያስፈልጋል።

ረ. የስፖር መልክ። የአርሚላሪያ ስፖር ነጭ ነው። ይህን ለማወቅ የሚደረገው ሙከራ በክፍል 7 ተገልጿል።

ሰ. ከልጥ በታች። በጉቶው ወይም በታመመው ዛፍ ግርጌ ልጡ በጥንቃቄ ሲላጥ፣ በልጡና በእንጨቱ መካከል እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ነጭ ንጣፍ ቢገኝና ጠንካራ የእንጉዳይ ሽታ ቢኖረው ይህ አርሚላሪያን በብርቱ የሚያጠራጥር ምልክት ነው። እንጉዳይ በሌለበት ወራት እንኳ ሊታይ ስለሚችል ለትምህርት ቤት ክትትል ከሁሉ የተሻለ ጥቅም ያለው ይኸው ነው።

5. ከሌሎች ጋር ማነጻጸር

የልዩነት ዕውቀት የሚጠናከረው ተመሳሳይ የሆኑትን ጎን ለጎን በማቅረብ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ሦስት እንጉዳዮች በዓለም ሥነ ጽሑፍ በሚገባ የታወቁ ናቸው። የቀረቡትም እያንዳንዱ ምልክት ብቻውን ሲወሰድ እንዴት እንደሚያሳስት ለማስረዳት ነው።

የመጀመሪያው ሃይፎሎማ ፋሲኩላሬ ነው። ይህም በጉቶ ላይ በዘለላ ይበቅላል። መልኩ ድኝ የሚመስል ቢጫ ሲሆን፣ ስስ ገጾቹ በመጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎም አረንጓዴ የሚያጠቃው መልክ ይይዛሉ። ግልጽ ቀለበት የለውም፤ ስፖሩም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥቁር ቡናማ ነው። መርዛማ ነው። አበቃቀሉን ብቻ ያየ ሰው ከአርሚላሪያ ሊለየው አይችልም።

ሁለተኛው ጋሌሪና ማርጂናታ ነው። በበሰበሰ እንጨት ላይ ይበቅላል፤ ትንሽ፣ ቡናማና በአገዳው ላይ ስስ ቀለበት ያለው ነው። በመሆኑም «በእንጨት ላይ የበቀለ፣ ቡናማ፣ ቀለበት ያለው» የሚለውን መግለጫ ሙሉ በሙሉ ያሟላል። የሚለየው በተለይ በስፖሩ ነው፤ ስፖሩ ነጭ ሳይሆን የዝገት መልክ ያለው ቡናማ ነው። ይህ እንጉዳይ አማቶክሲን የተባለውን፣ ጉበትን የሚያጠፋ መርዝ የያዘ ገዳይ ነው።

ሦስተኛው በደቡብ አውሮፓ የሚገኘው ኦምፋሎተስ ኦሌያሪየስ ነው። በጉቶና በሥር ላይ በዘለላ ይበቅላል፤ ስፖሩም እንደ አርሚላሪያ ነጣ ያለ ነው። ስለሆነም ስፖሩን ብቻ ያየ ሰው ይሳሳታል። የሚለየው መልኩ ብርቱካናማ፣ ስስ ገጾቹ በአገዳው ላይ ወደ ታች የሚወርዱ፣ አገዳውም ቀለበት የሌለው በመሆኑ ነው። የበላውን ሰው በብርቱ ያስመልሳል።

በዚህ ንጽጽር እንደሚታየው የመጀመሪያው በአበቃቀል፣ ሁለተኛው በቀለበት፣ ሦስተኛው በስፖር መልክ አርሚላሪያን ይመስላል። ተማሪዎች ይህን በሠንጠረዥ አዘጋጅተው ሲያዩት «አንድ ምልክት ማስረጃ አይሆንም» የሚለው አባባል ከቃል ጥናት አልፎ ራሳቸው የደረሱበት ግኝት ይሆናል።

6. «ይበላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ

በኢትዮጵያ ስለ እንጉዳይ ያለው ልማድ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። በደጋው ብዙ ቦታዎች እንጉዳይ «የጅብ ጥላ» እየተባለ በጥርጣሬ ሲታይ፣ በደቡብ ምዕራብና በምዕራብ ደናማ አካባቢዎች ደግሞ የዱር እንጉዳይን መሰብሰብና መመገብ የቆየ ልማድ ነው። ይህ የአገሬው ዕውቀት ሊከበርና ሊመዘገብ ይገባል። ይሁን እንጂ ዕውቀቱ የተገኘው በአንድ ቦታ የሚበቅሉትን በትውልድ ልምድ በመለየት ስለሆነ ወደ ሌላ ቦታ ሲወሰድ አስተማማኝነቱን ያጣል። በአንዱ ወረዳ የሚበላውን የሚመስል በሌላው ወረዳ መርዛማ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የበለጠ አደገኛ የሆኑት በብዙ አገሮች የሚነገሩት ፈጣን መለያዎች ናቸው። የብር ማንኪያ ካላጠቆረ ደህና ነው፤ ትል ወይም እንስሳ ከበላው ሰውም ይበላዋል፤ የቆቡ ቆዳ ከተላጠ መርዝ የለውም፤ በእንጨት ላይ የበቀለ ሁሉ ይበላል፤ በደንብ ከተቀቀለ መርዙ ይጠፋል የሚሉት ሁሉ ሐሰት ናቸው። አማቶክሲን ብርን አያጠቁርም፤ በመቀቀልም ሆነ በማድረቅ አይጠፋም። ጋሌሪናም የሚበቅለው በእንጨት ላይ ነው።

የዚህ መርዝ ባሕርይ ሌላም አሳሳች ገጽታ አለው። ምልክቱ የሚጀምረው በአብዛኛው ከተበላ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ነው። ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ከታየ በኋላ በሽተኛው ለጊዜው የተሻለው ይመስላል። ጉበት የሚጎዳው ግን በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ የዱር እንጉዳይ የበላና የታመመ ሰው «ተሽሎታል» ተብሎ ሳይዘናጉ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። የተረፈውን እንጉዳይ፣ የተቀቀለም ቢሆን፣ አብሮ መውሰድ ለሐኪሙ ይረዳል። በክረምት ከብት የሚጠብቁ ልጆች ይህን እንዲያውቁ ማድረግ የትምህርቱ ዋነኛ ፍሬ ነው።

ስለሆነም የክፍሉ ደንብ አጭርና የማያሻማ ይሁን፤ ከዱር የመጣ እንጉዳይ አይቀመስም፣ ወደ ቤትም አይወሰድም። እንጉዳይን መንካት አይመርዝም፤ ጉዳቱ የሚመጣው በመዋጥ ነው። ቢሆንም ከሥራው በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ስለ ምግብ እንጉዳይ ማስተማር ሲያስፈልግ ምንጩ ከታወቀ ዘር በገለባና በመሳሰሉት ላይ የሚለማው፣ በኢትዮጵያም የሚመረተው የኦይስተር እንጉዳይ ቢሆን የተሻለ ነው።

7. የትምህርቱ አቀራረብ

ትምህርቱ በሦስት ክፍለ ጊዜያት ሊከፈል ይችላል።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች በመምህራን መሪነት ወደ ጉቶው ይሄዳሉ። እንጉዳዩ ሳይነቀል በቦታው እንዳለ ይሳላል፤ ከዛፉ ዓይነት ጀምሮ በክፍል 4 የተዘረዘሩት ነጥቦች ይመዘገባሉ። በዚህ ደረጃ ስም መጥራት አይፈቀድም። ስም አስቀድሞ ከተጠራ ተማሪዎች የሚያዩት ያለውን ሳይሆን ስሙ የሚጠብቅባቸውን ይሆናልና ነው። ከዘለላው ለጋ፣ የደረሰና ያረጀ እንጉዳይ ከነሥሩ በመምህሩ እጅ ይወሰዳል። ልጥ ለመላጥ ቢላዋ ሲያስፈልግም የሚይዘው መምህሩ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የስፖር አሻራ ይወሰዳል። የደረሰ እንጉዳይ ቆብ ከአገዳው ይቆረጣል፤ ግማሹ በነጭ፣ ግማሹ በጥቁር ወረቀት ላይ እንዲያርፍ ሆኖ ስስ ገጾቹ ወደ ታች ይደረጋሉ። ነፋስ እንዳይነካው በብርጭቆ ወይም በጣሳ ተከድኖ ያድራል። በማግሥቱ ቆቡ ቀስ ብሎ ሲነሣ ስፖሩ በወረቀቱ ላይ የስስ ገጾቹን አሰላለፍ ተከትሎ ተቀምጦ ይገኛል። ሁለት መልክ ያለው ወረቀት የሚያስፈልገው ነጭ ስፖር በነጭ ወረቀት ላይ ስለማይታይ ነው። ሙከራው ማይክሮስኮፕም ሆነ ኬሚካል አይጠይቅም።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች በየቡድናቸው የሰበሰቡትን ማስረጃ ከክፍል 5 ሠንጠረዥ ጋር ያነጻጽራሉ። እያንዳንዱ ቡድን «ይህ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም…»፣ «ይህ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም…» በሚል አቀራረብ ያስረዳል። ማስረጃው ከወገን ስም በላይ የማያደርስ ከሆነ «አርሚላሪያ ሊሆን ይችላል፤ ዝርያው አልታወቀም» የሚል መልስ ሙሉ ነጥብ ሊሰጠው ይገባል። ሊቃውንቱም ዝርያውን ለማረጋገጥ የዘረመል ምርመራ እንዳስፈለጋቸው ተማሪዎች ሊነገራቸው ይገባል።

በአሁኑ ጊዜ ከፎቶግራፍ ብቻ ስም የሚሰጡ የእጅ ስልክ መተግበሪያዎች በተማሪዎች እጅ ይገኛሉ። መተግበሪያው ስፖሩን አያይም፤ ልጡን አይልጥም፤ አያሸትም። የሚሰጠው ስም እንደ አንድ ግምት ተመዝግቦ በማስረጃ እንዲፈተን ቢደረግ ለትምህርቱ ይጠቅማል። እንደ መጨረሻ ቃል ከተወሰደ ግን አደጋ ነው።

8. እንጉዳዩ ለዛፉ ምኑ ነው?

በጉቶ ላይ የሚበቅሉ ፈንገሶች አብዛኞቹ ጠላቶች አይደሉም። የሞተውን እንጨት አፍርሰው በውስጡ የታሰረውን ንጥረ ነገር ወደ አፈር ይመልሳሉ። እነርሱ ባይኖሩ ደን በራሱ ግንድና ቅርንጫፍ ክምር በተዋጠ ነበር። አርሚላሪያ ግን ከዚህ አልፎ ሕያው ሥርን ያጠቃል። ዛፍ ሲቆረጥ በጉቶውና በሥሮቹ ውስጥ የቀረው ምግብ ለፈንገሱ ስንቅ ይሆነዋል። በዚህ ስንቅ ለብዙ ዓመታት ከቆየ በኋላ ሥር ለሥር በመነካካት ወደ አዲስ ተክል ይሻገራል። የተያዘው ተክል ቅጠሉ ይጠወልጋል ወይም ይቢጫል፤ እድገቱ ይገታል፤ በመጨረሻም ቆሞ ይደርቃል። ከአጠገቡ ያለውም ይከተላል።

ይህ ለትምህርት ቤት ግቢ የቀረበ ጉዳይ ነው። ተማሪዎች በየዓመቱ ችግኝ ይተክላሉ፤ ብዙ ጊዜም የተቆረጠውን ዛፍ ለመተካት ከጉቶው አጠገብ ይተክላሉ። ችግኙ ሲደርቅ ጥፋቱ በውኃ ማጣት ወይም በተማሪዎች ቸልተኝነት ይመካኛል። እውነተኛው ምክንያት ከጉቶው ሥር ሊሆን እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው። ስለሆነም ከተከላ በፊት ጉቶዎችን መመርመር፣ በክረምት ማብቂያ እንጉዳይ የታየበትን ጉቶ በግቢው ካርታ ላይ ምልክት ማድረግ፣ በደረቀ ችግኝ ግርጌ ነጩን ንጣፍ መፈለግ፣ ንጣፉ ከተገኘም ጉቶውን ከነዋና ሥሮቹ ነቅሎ ማስወገድና ቦታውን ለጊዜው በዛፍ አለመትከል ይመከራል።

በማላዊ የሻይ እርሻዎች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሞከረ ሌላ ዘዴም አለ። ይህም ዛፉ ከመቆረጡ በፊት ልጡን ዙሪያውን መላጥ ነው። ልጡ ሲላጥ ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው ምግብ ይቋረጣል። ሥሮቹ ያላቸውን ስለሚጨርሱ ዛፉ ሲቆረጥ ለአርሚላሪያ የሚቀርለት ስንቅ አነስተኛ ይሆናል። ይህ ምሳሌ ስለ ምግብ ዝውውር በዕፀዋት ውስጥ የሚሰጠውን ትምህርት ከተግባር ጋር ለማያያዝ እጅግ አመቺ ነው።

9. ለዕቅድ ባለሙያዎች የሚቀርቡ ሐሳቦች

አንደኛ፣ የጊዜ አመዳደብ። እንጉዳይ የሚወጣው በዝናብ ወራት ሲሆን ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ክረምት ይዘጋሉ። ስለ ፈንገስ የሚሰጠው ምዕራፍ በበጋው አጋማሽ ከተመደበ ተማሪዎች ከሥዕል በቀር የሚያዩት አይኖርም። በመስከረም ወይም በጥቅምት መጀመሪያ ቢመደብ ግን ናሙናው ያለ ወጪ ይገኛል። የዝናቡ ወቅት ከአካባቢ አካባቢ ስለሚለያይ የምዕራፉን ቅደም ተከተል ለትምህርት ቤቱ መተው የተሻለ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የመምህራን ሥልጠና። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የስፖር አሻራ አወሳሰድና የጉቶ ምርመራ እንደ ተግባር ሥራ ቢካተት፣ ተመራቂው መምህር ምልክቶችን በቃል ከመድገም ይልቅ በእጁ ሠርቶ ያውቃቸዋል።

ሦስተኛ፣ የምዘና ጥያቄዎች። «የእንጉዳይን ክፍሎች ጥቀስ» የሚለው ጥያቄ ትውስታን ብቻ ይለካል። «ከሚከተሉት ማስረጃዎች የትኛው ይጎድላል? ስለምንስ ያስፈልጋል?» የሚለው ግን አስተሳሰብን ይለካል።

አራተኛ፣ የመማሪያ ሥዕሎች። ከውጭ መጻሕፍት የተገለበጡ ሥዕሎች ሲታተሙ የተነሡበት አገር በግልጽ ቢጻፍ፣ ቀስ በቀስም በኢትዮጵያ ጉቶዎች ላይ በተነሡ ፎቶግራፎች ቢተኩ መልካም ይሆናል።

ማጠቃለያ

በጉቶ ላይ የሚበቅል እንጉዳይ ርካሽ፣ ቅርብና ብዙ የሚያስተምር ናሙና ነው። «ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ክፍሉ በቦታ፣ በአበቃቀል፣ በቆብ፣ በስስ ገጽ፣ በቀለበት፣ በስፖርና በልጥ ሥር በሚገኙ ማስረጃዎች እየተመራ እስከሚያደርሰው ድረስ መሄድ ይችላል። «ይበላል ወይ?» ለሚለው ክፍሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ከዱር የመጣ አይቀመስም። «ለዛፉ ምኑ ነው?» የሚለው ደግሞ ተማሪዎችን ከሠንጠረዡ አንሥቶ ወደ ግቢያቸው ችግኞች ይመራቸዋል። ከመትከሉ አስቀድሞ ጉቶውን መመርመር የለመደ ተማሪ ካደገ በኋላም በማሳውና በደኑ ያንኑ ልማድ ይዞ ይቀጥላል።